ለቦራ የሚሆን ድልድል

ባለፈው ዓመት በፀደይ መጀመሪያ፣ ከስድስት ኪሎ ሜትር ጉዞ ተመልሼ የፈረሴን የቦራን የጋሪ ዕቃ ስፈታ፣ ከግራ የፊት እግሩ ክርን ኋላ፣ የሆድ ጠፍሩ በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ ሁለት ጣት የምታህል የተመለጠች ቦታ አየሁ። ቆዳው አልደማም፤ ነገር ግን ቀልቶ ነበር፤ በጣቴ ጫፍ ስነካውም ቦራ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጥፎ ከእጄ ሸሸ። ቢሾፍቱ ውስጥ በባለ ጋሪ ቤት ያደገ ሰው ይህን ምልክት ለመለየት ሐኪም አያስፈልገውም። ጠፍሩ በዚያው ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ደጋግሞ ቢያርፍ ፈረሱ ይገጠባል። ዕቃውን በክንዴ ላይ እንዳንጠለጠልሁ በረቱ በር ላይ ብዙ ቆምሁ፤ በእኔ እጅና በእኔ ቸልተኝነት አንድ እንስሳ ገጣባ ሊሆን መቃረቡን መቀበል ከብዶኝ ነበር።

ቦራ ድንክ ፈረስ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ሚኒየቸር የሚሉት ዓይነት። በ1978 የተቋቋመው የአሜሪካ ሚኒየቸር ፈረስ ማኅበር የሚመዘግበው ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልበለጠውን ብቻ ሲሆን፣ ቁመቱም የሚለካው እንደ ሌሎቹ ፈረሶች ከትከሻው ጉብታ አናት ሳይሆን የጋማው የመጨረሻ ፀጉር ከሚያበቃበት ነጥብ ላይ ነው። የእኔው 84 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ ደግሞ 90 ኪሎ ገደማ ነው። መልኩ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ቦራ አልነው። ትልቅ ሰው አይቀመጥበትም፤ ሁለት ጎማ ያላት ቀላል ጋሪ መጎተት ግን አሳምሮ ያውቃል። እኔ ባለሁበት የሜሪላንድ ገጠር መኪና የማይበዛበት የጠጠር መንገድ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ መንዳት ከሳምንቱ ሥራ ሁሉ የሚያሳርፈኝ ነገር ነው።

ቁስሉን ባየሁ ማግስት ያደረግሁት ነገር ብዙ ሰው የሚያደርገው ይመስለኛል። የፈረስ ዕቃ ወደሚሸጥበት መደብር ሄጄ ካለው ሁሉ ወፍራሙን የጠፍር መሸፈኛ፣ ማለትም ከጠፍሩ ሥር የሚገባውን ድልድል፣ ገዛሁ። ለስላሳ ነበር፤ በእጄ ስጨብጠው እንደ ትራስ እየሰመጠ ይመለሳል። ቀይ የነበረው ቆዳ ሽሮ ፀጉር ማብቀል እስኪጀምር ድረስ ሦስት ሳምንት ፈረሱን አሳረፍሁት፤ ከዚያም አዲሱን ድልድል አልብሼ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነዳሁት። ስመለስ ያ ቦታ እንደገና ተልጦ ነበር፤ በቀኝ በኩልም፣ ቀድሞ ምንም ባልነበረበት፣ አዲስ መፋቅ ጀምሯል።

ምክንያቱን ያወቅሁት የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቼ ከለካሁ በኋላ ነው። የቦራ ደረት ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ክብ ነገር ዙሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ቢጠመጠም፣ ያንን የሚያስረው ጠፍር ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም አለበት። ትልቅ ፈረስ ላይ ይህ የጥቂት ቀዳዳ ጉዳይ ነው፤ ድንክ ፈረስ ላይ ግን ዕቃው ልኩን ይስታል፣ መቆለፊያው ከቦታው ይሸሻል፣ ጠፍሩም ይጠብቃል። ጠባብ ጫማ የላጠው ሰው ወፍራም ካልሲ ቢደርብበት እግሩ እንደማይድን ሁሉ፣ እኔም ለቦራ ያደረግሁለት ይህንኑ ነበር። በዚያ ላይ የመሸፈኛው ጠርዝ ወደ ክርኑ ገፍቶ ስለወጣ፣ ፈረሱ በተራመደ ቁጥር የእግሩ ሥጋ ከጠርዙ ጋር ይፋተግ ነበር።

የእነዚህ ፈረሶች አካል ደግሞ ከትልልቆቹ የተለየ ጠባይ አለው። ሆዳቸው እንደ በርሜል ክብ ነው፤ የትከሻቸው ጉብታም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የጋሪውን ክንዶች የምትሸከመው ትንሿ ኮርቻ የምትደገፍበት ነገር አጥታ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትንሸራተታለች። ነጂው ይህን ሲያይ የሆድ ጠፍሩን ይበልጥ ያጠብቃል፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ ደግሞ ይልጣል። ክርናቸውም ጠፍሩ ከሚያልፍበት መስመር እጅግ ቅርብ ነው። ሌላው ነገር ገበያው ነው፤ ለእነርሱ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለከፍ ያሉ ፈረሶች ከተሠራው የተቀነሰ ስለሆነ፣ ጠፍሩ ሲያጥር ብረቱና ስፌቱ ግን አብረው አያንሱም። እኔ ከገዛሁት ዕቃ ላይ አንዱ መቆለፊያ የቦራን የጎድን አጥንት ሁለቱን ይሸፍናል።

ክረምቱም የራሱ ድርሻ ነበረው። ድንክ ፈረስ ለብርድ የሚያበቅለው ፀጉር እንደ በግ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ያ ፀጉር በፀደይ እየተነቀለ በሚረግፍበት ጊዜ ከሥሩ የሚወጣው ቆዳ ለወራት ጠፍር ያልነካው ለጋ ቆዳ ነው። እኔ ደግሞ ከአራት ወር ዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው ሙቀት ቀን ስድስት ኪሎ ሜትር ነዳሁት። ያላለማመድሁትን ቆዳ ነው የወቀስሁት።

በዚያ ሳምንት ቢሾፍቱ ለሚኖሩት አጎቴ በቪዲዮ ደወልሁላቸው። ጋሪ የነዱት ከ30 ዓመት በላይ ነው፤ አሁን ከተማውን ባጃጅ ስለያዘው ጋሪውን ትተውታል፤ ፈረስ አይቶ መፍረድ ግን አልተዋቸውም። መጀመሪያ ቦራን ሲያዩ «ይሄ ውርንጭላ ነው ወይስ ፈረስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሰባት ዓመቱ ነው ስላቸው ብዙ ሳቁ፤ ከዚያ ግን ፊታቸው ወደ ቁም ነገር ተመለሰ። ከመደብር ያመጣኋቸውን አራት ዓይነት ድልድሎች በየተራ አነሣሁላቸው።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ የትኛው ይሻለዋል ይላሉ?»

«ድልድሉን ተወውና ጋሪውን አሳየኝ» አሉኝ። «አንተ የምትቀመጠው የት ላይ ነው? ከጎማው ፊት ነው ከኋላው?»

ስልኩን ይዤ ወደ ጋሪዋ ሄድሁና ወንበሩን አሳየኋቸው። ወደ ፊት አለፍ ብሎ ነበር የተገጠመው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው፤ ፈረሱ አንተን እየጎተተ ብቻ አይደለም፣ እየተሸከመህም ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብህ፤ ሸክሙን ሳታስተካክል ድልድል ብትለዋውጥ ምን ሊፈይድ?»

እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ቤት የማይጠፋ አንድ ዕቃ አለ፤ የሻንጣ ሚዛን። አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣው ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የምንመዝንበት ያ ትንሽ መንጠቆ ነው። እኔ ጋሪዋ ላይ ተቀምጬ፣ ባለቤቴ ሚዛኑን የጋሪው ክንዶች ከኮርቻው ጋር በሚያያዙበት ቦታ ላይ አግብታ ክንዶቹን ብድግ አደረገቻቸው። 11 ኪሎ አነበበች። ይህ ሁሉ፣ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር እየተጨመረበት፣ በዚያች ትንሽ ኮርቻ አልፎ በ90 ኪሎ ፈረስ ጀርባ ላይ ያርፍ ነበር። የወንበሩን ብሎኖች ፈትቼ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገፋሁትና እንደገና መዘንነው፤ 4 ኪሎ ሆነ። ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ማስኬድም አይገባም፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ክንዶቹ ወደ ላይ ይነሡና የሆድ ማሰሪያውን ከታች ወደ ላይ ስበው ፈረሱን ያንጠለጥሉታል። አጎቴ በልጅነቴ ተሳፋሪን «አንተ ወደ ፊት፣ አንቺ ወደ ኋላ» እያሉ ሲያስቀምጡ የፈረሱን ጀርባ እየጠበቁ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ድልድል የመምረጡ ጉዳይ ተመልሶ መጣ፤ ሆኖም ጥያቄው ተለውጦ ነበር። ቀድሞ የምጠይቀው «የቱ ይለሰልሳል?» ብዬ ነው። አሁን ግን እያንዳንዱ የዕቃው ክፍል ፈረሱ ሲራመድ ምን እንደሚያደርግ ማየት ጀመርሁ። ባለቤቴ ቦራን እየነዳች በዝግታ ስትሄድ እኔ ከጎን አብሬ እየተራመድሁ ዓይኔን ከጠፍሮቹ አልነቀልሁም። ኮርቻዋ መንቀሳቀስ የለባትም፤ ባለችበት ጸንታ መቆየት ነው ሥራዋ። የደረት ጠፍሩ ግን ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ግራ ትከሻ ሲወጣ ቀኙ ይመለሳል፣ ጠፍሩም ትከሻዎቹን እየተከተለ ወዲህና ወዲያ ይላል። ስለዚህ ከኮርቻዋ ሥር የሚገባው ነገር ፀጉሩን ያዝ የሚያደርግ፣ ከደረት ጠፍሩ ሥር የሚሆነው ደግሞ በፀጉሩ ላይ የሚያንሸራትት መሆን ነበረበት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ማልበስ ከሁለት በአንዱ ላይ መሳሳት ነው፤ መደብሩ ግን በአንድ ቀለምና በአንድ ዓይነት ጨርቅ ስብስብ አድርጎ ይሸጣቸዋል፤ ስብስቡም ለዓይን ስለሚያምር ሰው ይገዛዋል።

ለደረት ጠፍሩ ከድልድሉ ይልቅ የጠቀመው ሌላ ነገር እንደሆነ መናገር አለብኝ። የመጎተቻ ጠፍሮቹ ከጋሪው ጋር የሚያያዙት በመካከሉ በሚዞር አግዳሚ እንጨት ላይ ከሆነ፣ እንጨቱ ከትከሻዎቹ ጋር ወዲያና ወዲህ እየዞረ ጠፍሩን ይከተላል። በጋሪዋ ላይ በቀጥታ በተበየደ መንጠቆ ላይ ከታሰሩ ግን የትከሻው እንቅስቃሴ በሙሉ በፈረሱ ቆዳ ላይ ይፋተጋል። የእኔ ጋሪ ይህ የሚዞር እንጨት ነበራት፤ ነገር ግን ዝጎ ደርቋል። ግራሶ ቀባሁት። የጠፍሩ ከፍታም አለ፤ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ከፍ፣ ከጉሮሮው ቧንቧ ደግሞ ዝቅ ማለት አለበት፤ ድንክ ፈረስ አንገቱ አጭርና ወፍራም ስለሆነ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ወፍራም ድልድል ሲጨመርበት ደግሞ የላይኛው ጠርዝ ወደ ጉሮሮው ይወጣል።

ስለ ጨርቁ ዓይነት ያየሁትን ልናገር። ኒዮፕሪን፣ ጠላቂዎች የሚለብሱት ያ ሰው ሠራሽ ጎማ፣ በዚህ አገር በጣም የተለመደ ነው። በውኃ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀጭን ነው፣ ፀጉርን ያዝ ያደርጋል፤ ለዚህም ከኮርቻ ሥር ጥሩ ይሠራል። አየር ግን አያስገባም፤ በሜሪላንድ የሐምሌ ወበቅ ከሥሩ ያለው ቆዳ በራሱ ላብ ይቀቀላል፤ አንዳንድ ፈረስም ለኬሚካሉ ቆዳው ይቆጣል። የበግ ፀጉር አስመስሎ በፋብሪካ የሚሠራው ነጭ ጨርቅ ሲገዛ ከሁሉ የሚያምር ነው፤ ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ፀጉሩ እየተቋጠረ ይጠነክራል፣ የገለባ ስባሪና የሣር እሾህም ይሰገሰግበታል። ከስምንተኛው ጉዞ በኋላ ከአንዱ ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታህል እሾህ ነቅዬ አወጣሁ። ስለ ስፖንጅና ስለ ጄል ብዙ የምለው የለኝም፤ ሸክሙ ባለበት ቦታ ሁለቱም ተጨፍልቀው ዋጋ የሚያጡ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ተጠቅጥቆ የተሠራው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ ፌልት የሚሉት፣ ለእኔ ግምት ከኮርቻ ሥር ተወዳዳሪ የለውም። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት መጥጦ ሲነኩት ገና ደረቅ የሚመስል ነገር ነው፤ ፌልቱም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሲጫን አይሟሽሽም። ቦራ አሁን የሚለብሰው ስምንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ በሁለቱ የጎድን ወገን ተከፍሎ መካከሉ፣ የጀርባ አጥንቱ የሚያልፍበት፣ ባዶ ቦይ ሆኖ ቀርቷል። ያ ቦይ ከማንኛውም ልስላሴ ይበልጣል፤ ድልድል የጀርባ አጥንትን መንካት የለበትም።

ለሆድና ለደረት ጠፍር ግን ልቤ ያረፈው በአጎዛ ላይ ነው። እናቶቻችን በመደብ ላይ የሚያነጥፉት ያ የበግ ቆዳ ነው። ፀጉሩ ወደ ፈረሱ ሆኖ ሲሰፋ እያንዳንዱ ዘለላ በራሱ ይተጣጠፋል፤ ጠፍሩ ሲንቀሳቀስ የሚንቀሳቀሰው የበጉ ፀጉር እንጂ የፈረሱ ቆዳ አይደለም። በአገራችን የጋሪ ፈረስ ዕቃ ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ልዩነት ይረዳል። የደረት ጠፍሩ የመኪና ጎማ ቁራጭ፣ ማሰሪያው ካላማዳሪያ ወይም የናይለን ገመድ፣ ድልድሉ ደግሞ ጆንያ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነው። ባለ ጋሪው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ የዕለት ገቢው ከፈረሱ መኖና ከልጆቹ እንጀራ የማይተርፍ ሰው በእጁ ያለውን ነው የሚያለብሰው። ስፖንጁ ግን ላቡን፣ አቧራውንና ከቁስል የሚወጣውን ፈሳሽ መጥጦ ይይዛል። ቢቺ የሚባለው የጋሪ ፈረሶች ክፉ በሽታ መነሻው ሻጋታ ነው፤ በተላጠ ቆዳ በኩል ይገባል፣ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚያሻግሩትም ዝንብና የተበከለ ዕቃ ናቸው። ከዚያ በኋላ በአንገትና በእግር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰደሩ እባጮች እየፈነዱ ይመግላሉ። እንደ ቢሾፍቱ ባሉ ወይና ደጋ ከተሞች ስንት ፈረስ በዚህ ሲወድቅ አይቻለሁ። አንዲት የተላጠች ቦታ ቀላል ነገር አለመሆኗን የማውቀው ከዚያ ነው።

አጎቴ ግን ስፖንጅ አልነበራቸውም። በፋሲካ ከታረደው በግ ቆዳ አንዱን ለፈረሱ ያስቀሩ ነበር፤ አክስቴም በየዓመቱ ያጉረመርሙ ነበር፤ ቆዳው ቢሸጥ ለቤት ስለሚሆን። ሲሰፉት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰም የተቀባውን ክር እይዝላቸው ነበር። አሁን በቪዲዮ እንዴት እንደሚሰፉ ስጠይቃቸው ያሉኝ ነገር ያኔ ዓይኔ አይቶት አእምሮዬ ያልያዘው ነበር፦ «ስፌቱ ቆዳውን አይንካው። ጠርዙን ወደ ውጭ ገልብጠህ በወስፌ ውጋው፤ ቋጠሮውንም ፈረሱ በማያገኘው በኩል ደብቀው።»

እንዲሁ አደረግሁ። በሱቅ ከሚሸጠው የለፋ የበግ ቆዳ አንድ ገዛሁና ፀጉሩን በመቀስ 12 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀር ከረከምሁት፤ ረጅም ሆኖ ከቀረ ያንኑ የውፍረት ጥፋት እንደገና ማምጣት ነውና። የጠፍሩ ስፋት ስድስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን የአጎዛውን አሥር አደረግሁት፤ የጠፍሩ ጠርዝ በፀጉሩ መካከል ተቀብሮ እንዲቀር ነው። በክርኑ በኩል ግን እንደ ጨረቃ ጎድጎድ አድርጌ ቆረጥሁት። ሁለት ማታ ወሰደብኝ፤ ወስፌው ሁለት ጊዜ አውራ ጣቴን ወጋኝ። የሆድ ጠፍሩን ራሱን ደግሞ አጭሩን ለውጬ በአራት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አዘዝሁ።

አጎዛ እንክብካቤ ይጠይቃል። በለዘብተኛ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤ በጥላ ሥር አሰጣዋለሁ፤ ፀሐይ ወይም ማሞቂያ ያየ ቆዳ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ለማድረቅ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ሁለት ሠርቻለሁ። ዝናብ ባለበት ቀን ኒዮፕሪኑን አለብሰዋለሁ፤ ለአጭር ጉዞ አልጎዳውም።

አዲሱን ዕቃ የሞከርሁት በሰኔ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት። በተመለስን ቁጥር ዕቃውን በዝግታ አንሥቼ ላቡን አነብባለሁ። ከኮርቻው ሥር ያለው ፀጉር በሙሉ እኩል ከረጠበ ጫናው እኩል ተከፋፍሏል ማለት ነው፤ በእርጥቡ መካከል የደረቀች ደሴት ካለች ግን እዚያ ላይ ቆዳው በጣም ተጨቁኖ ላብ ማውጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች በቀኝ በኩል የአንድ ሳንቲም ያህል ደረቅ ቦታ ነበረች። ፌልቱን ገልብጬ ስዳብሰው ከኮርቻዋ ሥር የወጣ አንድ ምስማር አገኘሁ፤ ጠፍጥፌ መለስሁት፤ ከዚያ በኋላ ደረቁ ቦታ ጠፋ።

ልጅ ሳለሁ በቢሾፍቱ አደባባይ የሚቆሙት የጋሪ ፈረሶች ጀርባቸው ላይ፣ ከትከሻቸውም ግራና ቀኝ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ነበራቸው። የተፈጥሮ መልካቸው ይመስለኝ ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር የትኛው ፈረስ ብዙ ነጭ እንዳለው እየቆጠርን እንወራረድ ነበር። የድሮ ቁስል ጠባሳ መሆኑን፣ የፀጉሩ ሥር ከተጎዳ ወዲያ የሚበቅለው ነጭ እንደሚሆን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ስለዚህ በቦራ ክርን ኋላ አዲሱ ፀጉር ብቅ ማለት ሲጀምር በየማለዳው ባትሪ ይዤ እየተንበረከክሁ አየው ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ቦታው ሞላ። በቀኝ በኩል ያለው ሙሉ በሙሉ ዳማ ነው። በግራ በኩል፣ ሁለት ጊዜ በተላጠው ቦታ መሃል፣ የምስር ፍሬ በምታህል ስፍራ ላይ ሰባት ነጭ ፀጉሮች በቅለዋል። ጠፍሩን ከማሰሬ በፊት ሁልጊዜ ጣቴን እነርሱ ላይ አሳርፌ፣ ከአጎዛው ጠርዝ እስከ ክርኑ አራት ጣት መኖሩን እለካለሁ።